ለዲስክ ኢሜጅ መቀየሪያ ስክሪፕት ኦፕሽን እንዴት ልጨምር?

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤታችን ያሉትን አሮጌ ኮምፒውተሮች ወደ ቨርቿል ማሽን እያዞርን ነው። ጥሬ የዲስክ ኮፒ ወደ ኪውካው2 (የቨርቿል ማሽን ዲስክ ፎርማት) የሚቀይር የፓይተን ስክሪፕት አለኝ፤ ከጀርባ የሚጠራው ኪውኤሙ-አይኤምጂ የተባለውን የዲስክ ኢሜጅ መቀየሪያ ፕሮግራም ነው። የሚቀበለው መነሻ ፋይልና መድረሻ ፋይል ብቻ ነው። ፎርማት መምረጫ፣ መጭመቂያ፣ እንዲሁም ነባር ፋይል ላይ ለመጻፍ የሚፈቅድ ኦፕሽን ልጨምርበት ነበር። ግን ሌሊት በክሮን (በተወሰነ ሰዓት ሥራ በራሱ በሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚጠሩት ስክሪፕቶች አሉ፤ እነሱ እንዳይበላሹብኝ ምን ላድርግ?

መልስ (ከአራት ኪሎ)፦
የትእዛዝ ኦፕሽኖችን የሚያነበውን አርግፓርስን ተጠቀም፤ ከፓይተን ጋር ስለሚመጣ የምትጭነው የለም። ሁለቱን ፋይሎች በቦታቸው ተዋቸው፣ አዲሶቹን በሁለት ሰረዝ ጨምር። --ፎርማት ዲፎልቱ ኪውካው2 ይሁን። የሚፈቀዱትን ፎርማቶች በአርግፓርስ ቾይስስ (የምርጫ ዝርዝር) ዘርዝራቸው፤ ፊደል የሳተ ሰው ሥራው ሳይጀመር ስህተቱን ያያል፣ መውጫ ኮዱም 2 ይሆናል። --ኮምፕረስ ከጥሬ ፎርማት ጋር ስለማይሄድ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ራስህ ከልክል።

መልስ (ከካዛንቺስ)፦
ወንድም፣ ከሁሉ በፊት ለኪውኤሙ-አይኤምጂ የመነሻውን ፎርማት በትንሹ ኤፍ (-f) ንገረው። ካልነገርከው ኪውኤሙ-አይኤምጂ የፋይሉን መጀመሪያ አይቶ ይገምታል። ጥሬ ዲስክ ላይ ግን እነዚያን ባይቶች መጻፍ የሚችለው የማሽኑ ተጠቃሚ ነው። የኪውካው2 ሄደር (የፋይሉ መግቢያ መረጃ) ጽፎ የሰርቨርህን አንድ ፋይል ባኪንግ ፋይል (ኢሜጁ የጎደለውን ዳታ የሚያነብበት ፋይል) ብሎ ቢጠቅስ፣ ስክሪፕትህ ያንን ፋይል አንብቦ አዲሱ ኢሜጅ ውስጥ ይገለብጥለታል። ይህን በቀላሉ አትየው። የመድረሻው ፎርማት የሚሰጠው ደግሞ በትልቁ ኦ (-O) ነው፤ ትንሹ ኦ ሌላ ሥራ አለው።

መልስ (ከሜክሲኮ)፦
ነባር ፋይል ላይ ለመጻፍ የሚፈቅድ ኦፕሽን (--ፎርስ እንበለው) ያልከው ላይ አልስማማም። ኪውኤሙ-አይኤምጂ ሲቀይር ነባሩን ፋይል ሳይጠይቅ ይደመስሳል፤ ስለዚህ የአንተም ክሮን እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚያ ነው። ዛሬ --ፎርስ ግዴታ ካደረግክ ነገ ሌሊት ሁሉም ይቆማል። ኦፕሽኑን ገልብጠው፦ --አትደርብ በለው፣ የፈለገ ይጨምረዋል።
ሌላው መብራት ነው። መሃል ላይ ቢሄድ አሮጌውም የለም፣ አዲሱም ግማሽ ነው። እዚያው ፎልደር ውስጥ በጊዜያዊ ስም ጽፈህ፣ ሲያልቅ በፓይተኑ ኦኤስ ሪፕሌስ (os.replace) ስሙን ቀይረው። ጊዜያዊውን ፋይል ሌላ ፓርቲሽን ላይ ካደረግከው ግን ኤረር ይሰጥሃል።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። የክሮኑን ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ --አትደርብ ይሻላል። ስንት ፐርሰንት እንደደረሰ ማሳየትስ?

መልስ (ከአራት ኪሎ)፦
ለኪውኤሙ-አይኤምጂ ትንሹን ፒ (-p) አሳልፍለት፣ ራሱ ያሳይሃል። በክሮን ሲነሳ ግን ሎጉን ስለሚሞላው በኦፕሽን ብቻ ይብራ።