ስልኩን ደበቅኩበት፣ ልጄ እህል አልቀምስ አለኝ

ጠያቂ፣ ኮዬ ፈጬ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ትንሹ ልጄ ከጠዋት ጀምሮ እያለቀሰ ነው። ማታ ስልኩን ደበቅኩበት። ያለ ካርቱን አይጎርስም። ፍርፍሩ ሳህኑ ላይ ደረቀ። ነገ በ12 ሰዓት ሰርቪስ እይዛለሁ፣ የምትይዝልኝ ልጅ «እኔ አልችለውም» ብላለች። ልስጠው ወይስ ልጨክን? ለታላላቆቹስ ስንት ሰዓት ልፍቀድ?

የቱሉ ዲምቱዋ፦
አይዞሽ እህቴ። ባትሪ አልቋል በይው።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጄ፣ ስልክን ሞግዚት ካደረግሽው ይኸው ነው። እኛ በብይና በድብብቆሽ አደግን። እስኪመሽ ሜዳ ላይ ነበርን። አውጪው፣ ይሩጥ!

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ የት ላውጣው? አራተኛ ፎቅ ነን። ግቢው በመኪና ተሞልቷል። ባትሪ አልቋል ስለው ቻርጀሩን ይዞልኝ መጣ።

የጀሞው አባት፦
ሃሃ፣ ጎበዝ ነው! እኔ ግን ችግሩ ስልኩ አይመስለኝም። እየተከተላችሁ ማጉረሱ ነው።

አያት 49፦
ባትሪ አልቋል በይው፣ ለኔ ሠርቷል።

ነርስ ነኝ፦
ዕድሜውን አልነገርሽንም። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ያወጣው መመሪያ እንዲህ ነው፦ ከ2 ዓመት በታች ስክሪን አይመከርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት በቀን ቢበዛ 1 ሰዓት፣ ካነሰም ይሻላል። ከ5 ዓመት በላይ ላሉት በ2020 «ቀንሱ» አለ እንጂ የሰዓት ቁጥር አላስቀመጠም። ለታላላቆቹ ስለዚህ እንቅልፋቸውን እዪ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ስልክ መኝታ ቤት አይግባ።
ለትንሹ፣ አሁን ስልኩን አትመልሺለት። ካለቀሰ በኋላ ከሰጠሽው፣ ለቅሶ ስልክ እንደሚያመጣ ይማራል። በአንድ ትሪ አብራችሁ ብሉ፣ በእጁ ይጉረስ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ሳትቆጪው ትሪውን አንሺ። በመሀል ብስኩት የለም፣ ውኃ ግን አትከልክዪው። ፈሳሽ እምቢ ካለ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ካተኮሰው ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ጠያቂ፦
3 ዓመት ከ2 ወሩ ነው። አባቱ ዱባይ ነው፣ በቪዲዮ ነው የሚያየው። እሱንም ላቋርጥ?

ነርስ ነኝ፦
ኧረ በፍጹም! ከአባቱ ጋር ያውራ። እሱ እንደ ካርቱን አይቆጠርም። ከምግብ ሰዓት ውጭ ይሁን ብቻ።

የጀሞው አባት፦
ሞግዚቷንም አስረጃት። አንቺ ከልክለሽ እሷ ከሰጠችው ድካምሽ ከንቱ ነው። ዩቲዩብ ኪድስ ውስጥ ሰዓት መሙያ አለ፣ ሲያልቅ ራሱ ይቆልፋል።

የቱሉ ዲምቱዋ፦
እህቴ፣ ሁለት ቀን ሆነ። በላ?