ስክሪኑ ላይ የቆመው ድልድይ በእጃችን ሲሠራ ይፈርሳል

ወገኖች፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ። ከልጄ ጋር የሌጎ (እርስ በርስ የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ መጫወቻ ጡቦች) ድልድይ በኮምፒውተር ነደፍን። ስክሪኑ ላይ እንከን አይወጣለትም። ጡቦቹን ገዝተን ስንገጣጥመው ግን መሃሉ ይጎብጥና ቀስ እያለ ይላቀቃል። ሦስት ጊዜ ሠራነው፣ ሦስቴም ፈረሰ። ልጄ ቅር ብሏት ስብርባሪውን ስትለቅም ማየት ከብዶኛል።

በኮምፒውተር ጡቡ ክብደት የለውም፤ አየር ላይ ቢያስቀምጡትም ዝም ብሎ ይቆማል። እጅ ላይ ግን የሚይዘው ጡቡ አናት ላይ ያሉት የጉብታዎቹ ጥብቀት ብቻ ነው። ልኬቱ ላይ አልተሳሳትኩም፤ ከጉብታ ጉብታ 8 ሚሊሜትር ነው፣ ሦስት ስስ ጡብ ሲደራረብም የአንድ ሙሉ ጡብ ቁመት፣ 9.6 ሚሊሜትር፣ ይሆናል። የጠረጠርኩት መጋጠሚያውን ነው። የላይኛውና የታችኛው ረድፍ መጋጠሚያ አንድ መስመር ላይ ውሏል፤ ሁልጊዜ የሚከፈተውም እዚያው ነው።

እንደ ግንብ ሥራ መጋጠሚያዎቹን ባፈራርቅ፣ 40 ጉብታ የሚረዝም ድልድይ ያለ መሃል ምሰሶ ይቆማል? ወይስ ውስጡ ቀዳዳ ያላቸው ረጃጅም ዘንጎች ላስገባ? ደግሞስ እናንተ መሃሉን ብቻ አስቀድማችሁ በእጅ ትሞክራላችሁ? የሠራ ሰው ካለ ቢነግረኝ፣ ቅዳሜ አብረን እንደገና እንጀምራለን።