ምሰሶውን መተካትና ወደ ጉዞ መመለስ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጀልባችን ሸራ የሚሰቀልበትን ምሰሶዋን ካጣች ወዲህ ብዙ አውርተናል፤ በወረቀት ያሰፈርነው ግን የለም። ጉባኤው ሊሰበሰብ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ለመነሻ ያህል ይህን ጽፌያለሁ፦ «ማኅበሩ ለ11 ሜትሯ ጀልባ ምሰሶ ይግዛ፤ ምሰሶው ከተተከለ በኋላ በመጪው የጉዞ ወቅት ወደ ረጅም ጉዞ ትመለስ።» አርሙት፣ ጨምሩበት፣ ያልተዋጠላችሁ ካለም በግልጽ ተናገሩ።

የጥገና ኃላፊ፦
በርታ፣ ጥሩ ጀምረሃል። ሐሳቡ ከምሰሶው መጀመሩ ግን አልተዋጠልኝም። ያን ቀን መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ምሰሶው አልከዳንም። መጀመሪያ የሰማሁት እንደ ጥይት ያለ አንድ ድምፅ ነው። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው የጎን ሽቦ ከታች ካለው መያዣው ተላቀቀ። ከዚያ በኋላ ምሰሶውን የሚይዘው አልነበረም፤ ከወለሉ 2 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ተጎመደ።

የላይኛው ክፍል ከነሸራው ውኃ ውስጥ ገባ። ማዕበሉ በመጣ ቁጥር የጀልባዋን ጎን ይደበድብ ነበር። ሊበሳት ይችል ስለነበር የቀሩትን ሽቦዎች ቆርጠን ለቀቅነው። ገመዱ ሁሉ ከውኃ እስኪወጣ ድረስ ሞተር አላስነሳንም፤ አንዱ ፕሮፔለሩ ላይ ቢጠመጠም ሞተሩንም እናጣ ነበር። አብረውኝ የነበሩት የመልሱን መንገድ አይረሱትም። ምሰሶ ከላይ ያለ ክብደት ስለሆነ ውዝዋዜን ያዘገያል። እሱ ሲሄድ ጀልባዋ ቶሎ ቶሎ ትናጥ ጀመር፤ መቆም እንኳ አቃተን።

አሁን ያሉን ሽቦው የሚታሰርባቸው የወለል ብረቶችና ማወጠሪያዎቹ ናቸው። አዲስ ምሰሶ ገዝተን በእነዚያው ብናቆመው ለሌላ እንዲህ ያለ ቀን እየተዘጋጀን ነው። የሐሳቡ የመጀመሪያ መስመር «ምሰሶውን የሚይዘው ነገር ሁሉ ይለወጥ» ይበልልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
የደረሰባችሁ ቀላል አይደለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችሁም በሰላም ተመለሳችሁ። ግን ሁሉም ይለወጥ ስንል በጀቱ እጥፍ ሊሆን ነው። የወለሉን ብረቶች እኔም አይቻቸዋለሁ፤ ያብለጨልጫሉ፣ ዝገት የሚባል የላቸውም። በዚያ ላይ ከሌላ ጀልባ የወረደ ምሰሶ በቅናሽ ሊሸጥልን የሚፈልግ ሰው አለ። ከእኛ በ60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያጥራል። እሱን ብንወስድ በዚሁ ወቅት እንወጣለን። አባላት መዋጮ የሚከፍሉት ጀልባዋን ቆማ ለማየት አይደለም።

የጥገና ኃላፊ፦
ልክ ነሽ፣ ከላይ ያብለጨልጫሉ። አይዝጌ ብረት እንዳይዝግ የሚጠብቀው በላዩ ላይ ያለ በጣም ስስ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ደግሞ ራሱን የሚያድሰው ኦክስጅን ሲያገኝ ነው። ብረቱ በወለሉ ውስጥ በሚያልፍበት ቦታ ጨዋማ ውኃ ሰርጎ ይተኛል። እዚያ አየር የለም። ስለዚህ ከላይ መስታወት የመሰለው ብረት መሀሉ ላይ ተበልቶ ሊገኝ ይችላል። ሳናወጣው አናውቅም። እንዲያውም ሁሉንም በጭፍን እንለውጥ አልልም፤ ሁሉንም እንንቀል። ስንጥቅ በሚያሳይ ቀለም እንፈትሻቸው፤ ያለፈ ይመለሳል፣ ያላለፈ ይጣላል። ማወጠሪያዎቹን፣ ፒኖቹንና የሽቦ መያዣዎቹን ግን በአዲስ እንተካ፤ ለእነሱ አልደራደርም።

ስለ ምሰሶውም ልናገር። ችግሩ ርዝመቱ ብቻ አይደለም። ምሰሶ የሚመረጠው ጀልባዋ ስታዘነብል ራሷን ለማቃናት ባላት ጉልበት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በ30 ዲግሪ ዘንበል ስትል ነው። ከባድ ጀልባ ምሰሶዋን በብዙ ኃይል ቁልቁል ትጫነዋለች። ያ ምሰሶ ከእኛ ከምትቀል ጀልባ የወረደ ከሆነ ለእኛ ይሳሳል። የግድግዳውን ውፍረትና የጎኖቹን ስፋት ለክተው ይላኩልን። ልኩ ከደረሰ እኔ ራሴ እደግፍሻለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ይህ ይገባኛል። ልኩን ዛሬውኑ እጠይቃለሁ። ብረቶቹ ተነቅለው ይፈተሹ የሚለውንም ተቀብያለሁ፤ የፍተሻው ወጪ ለብቻው ይጻፍ።

አንጋፋው አባል፦
ልጆቼ፣ በ60 ሴንቲ ሜትር ማጠር አትጨነቁ። ለረጅም ጉዞ ትንሽ አነስ ያለ ሸራ ኃጢአት አይደለም። ምሰሶውን እኛ በልጅነታችን ደቀል እንለው ነበር፤ ደቀል ሲያጥር ጀልባዋ ትረጋጋለች፣ በኃይለኛ ነፋስም ሸራ ለመቀነስ አትቸኩሉም። በቀላል ነፋስ ትዘገያለች፤ እሱን ትችሉታላችሁ። ዋናው ሸራ ግን ከአዲሱ ቁመት ጋር እንዲስማማ መቆረጥ አለበት፤ ወጪው ይታሰብ። ሸራው የሚንሸራተትበት ቦይ ስፋቱ መግጠሙንም እዩ። ሰው ስለ ምሰሶ ሲያወራ እሱን ይረሳዋል።

ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ እናመሰግናለን። አንድ ያስጨነቀኝ ነገር አለ። የተሰበረው ክፍል ባሕር ውስጥ ቀርቷል። አዲስ ቢታዘዝ የድሮውን ትክክለኛ ቁመት ከየት እናመጣለን?

የጥገና ኃላፊ፦
ሦስት መንገድ አለን። ወለሉ ላይ የቀረው ጉማጅ የምሰሶውን ቅርጽና ውፍረት ይነግረናል፤ ስለዚህ ማንም እንዳይጥለው። መጋዘን ያለው አሮጌው መለዋወጫ ሸራ ቁመቱን ያሳየናል። ሸራ በአገልግሎት ብዛት ስለሚለጠጥ ግን በእሱ ብቻ አናዝም። የጀልባዋ ንድፍ ከፋይላችን ውስጥ ይፈለግና ሁለቱ ይመሳከሩ። ካልተስማሙ ንድፉን እናምናለን።

ካርቦን ፋይበር ለጠየቃችሁኝ፦ ቀላል ነው፣ ክብደት ከላይ መቀነሱም በጣም ይጠቅማል። ግን ዋጋው ከአቅማችን በላይ ነው። አሉሚኒየም ይበቃናል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይጻፍልኝ። አይዝጌ ብረትና አሉሚኒየም በጨው ውኃ ሲገናኙ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። እያንዳንዱ ብሎን ሲገባ መለያ ቅባት ይቀባ፣ ከብረቱ ሥርም የፕላስቲክ ንጣፍ ይደረግ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ምሰሶውን ለብዙ ዓመት የሚያቆየው ግን እሱ ነው።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ። ምሰሶው መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ የኤሌክትሪኩን ሥራ ለእኔ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል። ያነበብኩትን ልጻፍና አርሙኝ። በ1972 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ግጭት መከላከያ ደንብ መሠረት ከ20 ሜትር በታች የሆነች ጀልባ በሸራ ስትሄድ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና የኋላውን ነጭ በአንድ መብራት ምሰሶው ጫፍ ላይ ማብራት ትችላለች። ሞተር ሲነሳ ግን እሱ ይጠፋል፤ የታችኞቹ መብራቶችና ወደ ፊት የሚያበራው ነጭ ይበራሉ። ለመልሕቅ ደግሞ ዙሪያውን የሚታይ ነጭ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሦስቱ ለየብቻቸው ማብሪያ ይኑራቸው ባይ ነኝ።

ሁለተኛው የሬዲዮ አንቴናው ነው። ከ15 ሜትር ከፍታ አድማሱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከ2 ሜትር ግን 5 ብቻ። ምሰሶው ሲወድቅ አንቴናውም አብሮ ስለሄደ ሬዲዮው የተዘጋው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነበር። ጓዳ ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ትርፍ አንቴና በዕቅዱ ይግባ።

የጥገና ኃላፊ፦
የሚታረም የለውም። ሥራው ያንተ ነው። ገመዶቹ ምሰሶው ውስጥ እንዳይንኳኩ ቧንቧ ውስጥ አስገባቸው፤ አለበለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ማንም አይተኛም።

ገንዘብ ያዥ፦
የዚያ ምሰሶ ልክ መጣ። ግድግዳው ከእኛ ጉማጅ በጣም ይሳሳል፣ ጎኑም ጠባብ ነው። ሐሳቤን አንስቻለሁ። አዲስ አሉሚኒየም ይታዘዝ። ይህ ማለት ግን የዚህን ወቅት ረጅም ጉዞ መተው ነው፤ ለአባላት በግልጽ እንንገራቸው።

ጸሐፊ፦
እንነግራቸዋለን። ምሰሶው ከተተከለ በኋላስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

የጥገና ኃላፊ፦
እዚህ ላይ ትዕግሥት እለምናችኋለሁ። አዲስ ሽቦ መጀመሪያ ላይ ይረግባል። በወደቡ ውስጥ እንወጥረዋለን። ሜትር ዘርግተን ከሽቦው ላይ 2 ሜትር እንለካለን፤ ያ ርዝመት 1 ሚሊ ሜትር በተሳበ ቁጥር ሽቦው ከመበጠሻ ጉልበቱ 5 በመቶ ያህል ተወጥሯል ማለት ነው። ለላይኞቹ የጎን ሽቦዎች 3 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 15 በመቶ ገደማ፣ ጥሩ መነሻ ነው። ቀጥሎ በተከለለ ውኃ አንድ ቀን እንሄዳለን፣ ተመልሰን እንደገና እናጠብቃለን። ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ከዚያም እንደገና። ስናዘነብል ከነፋሱ ተቃራኒ ያለው ሽቦ ተንጠልጥሎ የሚወናጨፍ ከሆነ አልጨረስንም። ሲያልቅ ፒኖቹ ሁሉ ይቆለፉ፣ ፎቶ ይነሱ።

እስከዚያ ሌላው ቡድን ሥራ አይፈታ። የነዳጅ ታንኩ ውስጥ ከታች የተጠራቀመው ውኃ ይውጣ፤ ሲናጥ ማጣሪያውን የሚዘጋው እሱ ነው። የሕይወት ማዳኛ ታንኳው ለምርመራ ይላክ። ትልቅ የሽቦ መቁረጫ ይገዛ፤ ያን ቀን የነበረን ትንሽ ነበር።

አንጋፋው አባል፦
አንድ ልመና አለኝ። ምሰሶው ሲቆም ከሥሩ ሳንቲም እናስቀምጥ። በ1962 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ቴምዝ ወንዝ ውስጥ የተገኘች የሮማውያን ዘመን መርከብ በምሰሶዋ መቀመጫ ላይ የንጉሠ ነገሥት ዶሚሺያን ሳንቲም ነበረባት። ያን ያህል የቆየ ልማድ ነው። እኔ ምሰሶው ሲቆም ለማየት ዕድሜ ይስጠኝ እንጂ ሌላ አልጠይቅም።

የጥገና ኃላፊ፦
ጋሼ፣ ሳንቲሙን የሚያስቀምጡት እርስዎ ነዎት። መዳብ አሉሚኒየምን ስለሚበላ ብቻ በፕላስቲክ እጠቀልልዎታለሁ።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ የተሻሻለው ይኸው፦ «ሽቦው የሚታሰርባቸው የወለል ብረቶች ሁሉ ተነቅለው ይፈተሹ፤ ያላለፉት ይለወጡ። ሽቦ፣ ማወጠሪያ፣ መያዣና ፒን በሙሉ በአዲስ ይተኩ። ከጉማጁ ጋር በቅርጽና በውፍረት እኩል የሆነ አዲስ የአሉሚኒየም ምሰሶ ይታዘዝ፤ ቁመቱ ከንድፉና ከመለዋወጫው ሸራ ይመሳከር። ከአንድ የቀንና ከአንድ የሌሊት ሙከራ፣ ከሁለተኛውም ማጥበቅ በፊት የረጅም ጉዞ ቀን አይቆረጥ።» መብራቱ፣ አንቴናውና የሌላው ቡድን ሥራ በአባሪ ይያያዛሉ።

ቅዳሜ ጠዋት መጋዘን ሸራውን ዘርግተን እንለካለን። ቢያንስ አራት ሰው ያስፈልጋል። የምትመጡ እስከ ሐሙስ አሳውቁኝ።

አዲስ አባል፦
እኔ አለሁ። ሜትር ይዤ እመጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔም እመጣለሁ። ንድፉን ከፋይሉ ውስጥ አግኝቼዋለሁ፤ ይዤው እመጣለሁ።