ማስተሪንግ ላይ በትክክል ምንድነው የሚሰራው? ሚክሱ ካለቀ ለምን ሌላ ሰው ይነካዋል?

ጊታርና_ድምፅ፦
ሰላም ቤተሰብ። አምስት ዘፈን ያለው ኢፒ እየጨረስን ነው፣ ሚክሱ ትንሽ ነው የቀረው፣ ሚክስ የሚሰራልን ልጅ ደሞ ከዚህ በኋላ ለማስተሪንግ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን አለን። ምን ያደርገዋል ስለው «ድምፁን ከፍ ያደርገዋል» ብቻ ነው መልሱ። እኔ ደሞ ከፍ ማድረግ ብቻ ከሆነ አንተው ሊሚተር (የድምፁን ጫፍ እየያዘ ከፍ ለማድረግ የሚያስችለውን) ጣልበትና እንገላገል እያልኩት ነው። በትክክል የሚያውቅ ሰው ያስረዳኝ፣ ሚክስ ላይ ያልተሰራ ምን ይቀራል? ፋይሉንስ እንዴት አድርገን ነው የምንልከው? የምንለቀው ስፖቲፋይ፣ ዩቲዩብና አፕል ሙዚክ ላይ ነው።

ሁለት_ስፒከር፦
ከፍ ማድረጉ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው እንጂ ዋናው ስራ እሱ አይደለም። ሚክስ ላይ እያንዳንዱ ትራክ ለብቻው ስላለ ቮካሉን (የዘፋኙን ድምፅ) ዝቅ ባሱን ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ማስተሪንግ ላይ ግን የሚመጣው ሁሉም ተቀላቅሎ ያለቀ አንድ ስቴሪዮ ፋይል ነው። ስለዚህ አንዱን ስትነካ ሌላውንም ነካህ ማለት ነው፣ ጊታሩ 300 ኸርዝ አካባቢ አፈነኝ ብለህ እዛ ጋ ብትቀንስ ከቮካሉም ሙላቱን ትወስድበታለህ። ለዛ ነው ስራውን የሚያውቅ ሰው ኢኪው (ባሱን፣ መሃሉን፣ ላይኛውን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክለው) ላይ ግማሽ ዲቢ (ዴሲቤል፣ የከፍታ መለኪያ)፣ አንድ ዲቢ እያለ ቀስ ብሎ የሚሄደው። አምስት ስድስት ዲቢ መቀነስ ካስፈለገው ችግሩ ሚክሱ ላይ ስለሆነ «ይሄን አስተካክላችሁ መልሱልኝ» ይላችኋል፣ እንደዛ ካላችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ለዘፈናችሁ የሚጨነቅ ሰው አግኝታችኋል።

ሌላ ጆሮ ለምን ላልከው፣ ሚክስ የሰራው ልጅ ዘፈኑን ደጋግሞ ከመስማቱ የተነሳ የጎደለውን ጆሮው ራሱ እየሞላ ነው የሚሰማው። ሁለተኛው ደሞ ክፍሉ ነው። የሚሰራበት ክፍል ባስ የሚበላ ከሆነ ሳያውቀው ባስ ይጨምራል፣ እዛው ክፍል በዛው ስፒከር ማስተር ካደረገው ደሞ ለሱ አሁንም ልክ ስለሚመስለው ያንኑ ይደግመዋል፣ ከዛ ሌላ ቦታ ስትከፍቱት ስፒከሩ ይንቀጠቀጣል።

ደሞ ኢፒ ነው ያልከው። እኔ ማስተሪንግ ላይ በጣም የምወደው ክፍል እሱ ነው፣ ዘፈኖቹን አንድ ላይ ማስቀመጥ። ሰው ብዙ ጊዜ ሜትር (የድምፅ ከፍታ የሚያሳየውን መለኪያ) አይቶ ሁሉንም እኩል ያደርጋቸዋል፣ ግን ሜትር ላይ እኩል ካደረግካቸው ጊታርና ድምፅ ብቻ ያለው ለስላሳ ዘፈን ሙሉ ባንድ ካለው ዘፈን በላይ ይጮሃል፣ ዘፋኙ በድንገት ፊትህ ላይ መጥቶ የቆመ ይመስልሃል። ስለዚህ በጆሮ ነው የሚመዘነው፣ ቮካሉን ተከትለህ ከአንዱ ዘፈን ወደሌላው ስትሻገር አድማጩ ቮልዩሙን መንካት የለበትም። በመሃል ያለው ዝምታ ስንት ሰከንድ ይሁን፣ መጨረሻው በየት በኩል ቀስ እያለ ይጥፋ፣ ይሄ ሁሉ እዛ ነው የሚወሰነው።

ከበሮ_መቺ፦
ሁለት_ስፒከር ጥሩ አድርጎ ነው ያስረዳው፣ እኔ ስለ ከፍታው ልጨምር ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ ዘፈን ሲበላሽ እያየሁ በጣም ያንገበግበኛል። ስፖቲፋይ ሴቲንጉ ካልተነካ ዘፈኖችን ወደ -14 ላፍስ ያመጣቸዋል (ላፍስ ማለት ዘፈኑ በአጠቃላይ ለሰው ጆሮ ምን ያህል እንደሚጮህ የሚለካበት ነው፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይበልጥ ይጮሃል)፣ ዩቲዩብም እዛው አካባቢ ነው፣ አፕል ሙዚክ ደሞ ሳውንድ ቼክ ሲበራ ወደ -16 ገደማ። እና አንተ በሊሚተር ጨምቀህ ጨምቀህ -8 አድርገህ ብታስገባው ስፖቲፋይ 6 ዲቢ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያጫውተው። ከፍታው ተወሰደብህ፣ የተጨፈለቀው ኪክና ስኔር ግን አይመለስልህም፣ ሊሚተር መጀመሪያ የሚቆርጠው የከበሮውን ምት ጫፍ ነውና። ይሄ ማለት ግን -14 ሁሉም ሰው መድረስ ያለበት ቁጥር ነው ማለት አይደለም! አንዳንድ ሙዚቃ ሲጨመቅ ነው የሚያምረው፣ ጆሮህ ደስ እስካለው ድረስ ከዛ በላይም ይሂድ። ብቻ ለከፍታ ብለህ ምቱን አትግደለው። ትሩ ፒኩ (የድምፁ ትክክለኛ ከፍተኛ ጫፍ) ደሞ ከ -1 ዲቢ እንዳያልፍ በሉት፣ ፋይሉ ለስትሪሚንግ መጠኑ እንዲያንስ ሲደረግ ጫፎቹ ትንሽ ከፍ ስለሚሉ ዜሮ ላይ ከተለጠፈ ይሰነጠቃል።

ጊታርና_ድምፅ፦
ኧረ በጣም አመሰግናለሁ። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር፣ ልጁ ሊሚተር ጥሎበት ያሰማኝና ያለ ሊሚተር ያሰማኝ ሳወዳድር ሁሌም ሊሚተር ያለው ነው የሚያምረኝ፣ ታዲያ ምቱን ገደለው የምትሉት የት ሄደ?

ከበሮ_መቺ፦
ስለጮኸ ነው ያማረህ። ሰው ጆሮ ላይ ያው ድምፅ ትንሽ ከፍ ሲል ባሱም የላይኛው ጥራትም ይበልጥ ይሰማል፣ ስለዚህ የጮኸው ሁሌ የተሻለ ይመስላል። ሊሚተር ያለውን ከሌላው ጋር እኩል እስኪሰማህ ድረስ ዝቅ አድርጉትና እንደገና አወዳድር፣ አይንህን ጨፍነህ ቢሆን ይመረጣል። ማስተሩ ሲመጣላችሁም ከሚክሱ ጋር እንደዚሁ አስተያዩት።

ሁለት_ስፒከር፦
ፋይሉን በተመለከተ፣ ዋቭ 24 ቢት ወይም 32 ቢት ፍሎት፣ ሳምፕል ሬቱ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ) የቀረጻችሁበት ይሁን፣ 48 ኪሎ ኸርዝ ከነበረ 48 ላኩ፣ እናንተ አትቀይሩት። ኤምፒ ስሪ በፍጹም አይሆንም። ማስተር ትራኩ ላይ ለከፍታ ብቻ የተጣለ ሊሚተር ካለ አውጡት፣ ኮምፕሬሰር (የሚጮኸውን ዝቅ እያደረገ ድምፁን የሚያቀራርበው) ከመጀመሪያው ጀምሮ ሚክሱ በሱ ውስጥ ከተሰራ ግን ተዉት፣ ካወጣችሁት ሚክሱ ሁሉ ይናጋል። ፒኩ የግድ -6 ዲቢ ይሁን የሚሉ አሉ፣ ዋናው ክሊፕ አለማድረጉ (ከጣሪያው አልፎ አለመሰንጠቁ) ነው፣ -3ም ችግር የለውም። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ትንሽ ዝምታ ተዉ፣ የሪቨርቡ (የማስተጋባቱ) ጭራ እንዳይቆረጥ። የምትወዱትን የሌላ ሰው ዘፈን አንድ ሁለት አብራችሁ ላኩ፣ «ሞቅ ያለ ይሁን» ከሚል ቃል ያ ይበልጣል። ኢንስትሩመንታሉንም (ቮካል የሌለውን) አሁኑኑ አብሮ ማስተር አስደርጉት፣ ለመድረክ ሲፈለግ በኋላ ያንኑ ሴቲንግ መልሶ ማግኘት ጣጣ አለው።

ማታ_ሚክስ፦
እኔ ግን ሰው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ኦንላይን ፋይል አስገብተህ በራሱ ማስተር የሚያደርገውን ብትሞክሩትስ? ለዴሞ እኔ እሱን ነው የምጠቀመው፣ አሪፍ ነው።

ሁለት_ስፒከር፦
ለዴሞ እሺ፣ አልቃወምም። ግን ያስገባኸውን ሁሉ ማስተር አድርጎ ይመልስልሃል፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቮካሉ ተውጧል፣ ሂድና አስተካክለው አይልህም። አምስቱን ዘፈን እንደ አንድ ስራ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ነው እዚህ የሚያስፈልገው።

ጊታርና_ድምፅ፦
ገባኝ። በሉ ልጁን ሊሚተሩን አውጥቶ አምስቱንም ከነኢንስትሩመንታላቸው በ24 ቢት እንዲያወጣልን እነግረዋለሁ፣ ከመላካችን በፊት ደሞ እኩል ከፍታ ላይ አድርገን ሁላችንም አንድ ላይ እንሰማዋለን። ቮካሉ ተውጧል ካልከው ደሞ ሶስተኛው ዘፈን ላይ እኔም የምጠረጥረው ቦታ አለ፣ እሱን ሚክሱ ላይ እያለ ነው የማስነካው።