የቱርካና ሐይቅ ዓሣ፦ ለሁለቱ መንግሥታት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

በኢትዮጵያ በኩል ያለነው አጥማጆች ማኅበር ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። ባለፈው ስብሰባ እንደተነጋገርነው፣ ኢትዮጵያና ኬንያ በ2005 ዓ.ም. በንግድና በኢንቨስትመንት አብረው ለመሥራት በተፈራረሙት የልዩ ደረጃ ስምምነት ላይ የዓሣ ሀብት አባሪ እንዲጨመር የምንጠይቅበትን ጽሑፍ እዚህ እንጨርሰው። ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውኃ 90 በመቶ ያህሉ የኦሞ ነው፤ ሐይቁ ግን አብዛኛው ኬንያ ውስጥ ነው። ብዙ ዓይነት ዓሣ ጎርፉን ተከትሎ ለመራባት ወደ ኦሞ ይወጣል። እኛ ጋ ጫጩቱ ካለቀ ኬንያውያን ያጣሉ፤ እነሱ ጋ እናቲቱ ካለቀች እኛ ጋ የሚመለስ የለም። ረቂቄ የሚጠይቀው የጋራ የመረብ ዓይን ልክ፣ ማጥመድ የሚቆምበት የጋራ የእረፍት ወቅት፣ የሁለቱም ዳር አጥማጆች የሚቀመጡበት ኮሚቴ ነው።

ከኦሞራቴ፣ የጀልባ ባለቤት፦ ልጄ፣ እረፍት ስትዪ ለእኔ ቤት ረሃብ ማለት ነው። ከብቱ በድርቅ አልቆ ወደ ውኃው የወረድነው ወደን አይደለም። ሐይቁን በሙሉ ሁለት ወር ዝጉ ካላችሁን ሕጉን የሚያከብረው ሰው ይራባል፣ የማያከብረው ሌሊት ይወጣል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚራባበትን ሣራማውን ዳርቻ ዝጉ፤ ለቤት የሚሆን በመንጠቆ ማጥመድ ግን ይፈቀድ።

ጸሐፊ፦ ልክ ነዎት አባቴ። አንቀጹን «የመራቢያ ቦታዎች እረፍት» ብዬ ቀይሬዋለሁ፤ መንጠቆም ገብቷል።

የሕግ ባለሙያ አባል፦ ደብዳቤው ለዞኑ ብቻ ከተጻፈ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚዋዋለው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ የሚያጸድቀው ደግሞ በአንቀጽ 55 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሥነ ሥርዓቱ በአዋጅ ቁጥር 1024/2009 ተቀምጧል። ስለዚህ ለውጭ ጉዳይና ለግብርና ሚኒስቴሮች ይጻፍ፣ ለክልሉ ግልባጭ ይደረግ። ማዶ ደግሞ የሐይቅ ዳርቻ አጥማጆች ማኅበራት በኬንያ ሕግ የታወቁ አካላት ናቸው። እነሱም በበኩላቸው ይህንኑ ጽሑፍ ለናይሮቢ ቢያስገቡ የሁለት ወገን ጥያቄ ይሆናል።

የጋራ ልክ በማውጣት በኩል ኬንያውያን አያስቸግሩም። በቪክቶሪያ ሐይቅ ከዩጋንዳና ከታንዛኒያ ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 የጋራ ድርጅት አቋቁመው፣ ነጭ ዓሣ (ናይል ፐርች) ከ50 እስከ 85 ሴንቲ ሜትር ካልሆነ እንዳይያዝ ተስማምተዋል። ለእኛ ሐይቅ የሚሆነው ልክ ግን እዚሁ ተለክቶ ይወሰን።

ከጂንካ፣ የዓሣ ባለሙያ አባል፦ በኦሞ ወንዝ ላይ ያለው የግልገል ግቤ ሦስት ግድብ ነገር የት ገባ? ግድቡ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ የነሐሴው ጎርፍ እንደ ድሮው አይመጣም። «ከነሐሴ እስከ መስከረም» ብለን ብንጽፍ ዓሣው የእኛን ቀን መቁጠሪያ አያውቅም። የሚያወጣው ውኃው ነው።

ጸሐፊ፦ ይህ እኔን ሁለት ሌሊት ያሳሰበኝ ጉዳይ ነው። ግድቡ ይቁም አንልም፤ መብራቱን አገር ይፈልገዋል። የምንጠይቀው፣ ውኃ የሚለቀቅበት ጊዜና መጠን ለኮሚቴው አስቀድሞ እንዲነገርና እረፍቱ በወር ሳይሆን በውኃው መምጣት እንዲቆጠር ነው። ከዚህ ውጭ ሌላው ሁሉ ወረቀት ብቻ ይመስለኛል።

የጀልባ ሠራተኞች ተወካይ፦ ስለ ሰው ሕይወትም ይጻፍ እንጂ። በየካቲት 2017 በድንበሩ አጠገብ ባለችው የኬንያ መንደር በቶዶንያንግ በኩል አጥማጆች ላይ የደረሰውን ግድያ ሁላችንም እናውቃለን። ከሁለቱም ዳር እናቶች አልቅሰዋል። ውኃ ላይ የድንበር ምልክት የለም፤ ነፋስ ሲነሣ ጀልባ የት እንደገባ የሚያውቅ ማን ነው? የእኔ መረብ ማዶ ተይዞ የቀረው እንዲህ ነው፤ የማመለክትበት ቦታ እንኳ አላገኘሁም። ጀልባዎች ሁሉ ከሩቅ የሚነበብ ቁጥር ይቀቡ። የተያዘ ጀልባና መረብ በሰባት ቀን ውስጥ በኮሚቴው በኩል ይመለስ። ድንበር የሳተ አጥማጅ አይተኮስበት፤ ይህ የመጀመሪያው አንቀጽ ይሁን።

ጸሐፊ፦ የመጀመሪያ አድርጌዋለሁ። የሚቃወም ካለ እስከ ዓርብ ይጻፍ።

ከኦሞራቴ፣ የጀልባ ባለቤት፦ እኔ እፈርማለሁ። ግን ጽሑፉ በአማርኛ ብቻ ነው። በዳሰነች ቋንቋ ተተርጉሞ ዳርቻው ላይ ላሉት አጥማጆች ይነበብላቸው። ያልሰሙትን ነገር በስማቸው አልፈርምም።

ጸሐፊ፦ እሺ አባቴ። ተርጓሚ ይዤ ቅዳሜ እወርዳለሁ፤ ፊርማው እስከዚያ ይቆይ።