ክርክር፦ ሞኖፖልን መስበር ወይስ ማሰር?

አወያይ፦
የዛሬው ነጥብ፦ ዜጎች የኩባንያዎችን ሞኖፖል እንዲገታ ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ሲያስገቡ ምን ይጠይቁ? ኩባንያው እንዲከፋፈል ወይስ ግዴታ እንዲጣልበት? ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ብቻ ጻፉ፤ ባለፈው ሁለቱ ተደባልቀው ተምታቶብናል።

ሚዛን፦
ይከፋፈል። የኢንተርኔት ግብይት መድረክ ባለቤት ራሱም እዚያው ሻጭ ከሆነ የተፎካካሪዎቹን ሽያጭ ያያል፤ በፍለጋ ውጤት ማን ከላይ እንደሚወጣም እሱ ይወስናል። "አታዳላ" ብትሉት አድልዎው የሚፈጸመው በየጊዜው በሚለዋወጥ ስልተ ቀመር ውስጥ ነው። ተቆጣጣሪው ይህን ሊከታተል የሚችለው ኩባንያው ራሱ በሚሰጠው መረጃ ብቻ ነው። ሲከፋፈል ግን የማዳላት ጥቅሙ ራሱ ይጠፋል፤ ዘብ ማቆም አያስፈልግም። አሜሪካ በ1911 የነዳጅ ኩባንያውን ስታንዳርድ ኦይልን 34 ቦታ ከፍላለች። በ1984 ደግሞ የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ የአካባቢ ስልክ አገልግሎቱን ለ7 ኩባንያዎች ለቀቀ።

ጥንቁቁ፦
ግማሹን ነው የነገርከን ሚዛን። ከሰባቱ አንዱ ኤስቢሲ በ2005 እናቱን ኤቲ ኤንድ ቲን ገዝቶ ስሟን ወሰደ። ዳግም መዋሃድን ለምን ያህል ዓመት እንደሚከለክል ያልተጻፈበት ክፍፍል ዕድሜው አጭር ነው። ፍርድ ቤቶችም መክፈል ይከብዳቸዋል። ማይክሮሶፍት በ2000 ለሁለት እንዲከፈል ተፈርዶበት ነበር፤ በ2001 ይግባኝ ሰሚው የሞኖፖል ጥፋቱን አጽንቶ ክፍፍሉን ሻረ። በጉግል ላይም በነሐሴ 2024 በፍለጋ ገበያ ሕገወጥ ሞኖፖል እንዳቆየ ተፈረደ። በ2021 ብቻ በስልኮችና በድር ማሰሻዎች ላይ ነባሪ (ተጠቃሚው ካልቀየረው በቀር አስቀድሞ የተመረጠ) የፍለጋ ሞተር ሆኖ ለመቀመጥ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ነበር። ያው ዳኛ በመስከረም 2025 የድር ማሰሻው ክሮም ይሸጥ የሚለውን ጥያቄ ውድቅ አድርጎ፣ ብቸኛነት የሚያስገድዱ ውሎችን ከለከለ፣ የተወሰነ መረጃም ለተፎካካሪዎች እንዲያጋራ አዘዘ። ክፍያው ራሱ አልተከለከለም።

ሚዛን፦
እኮ! ክፍያው ከቀጠለ ምኑ ተገታ? ለእኔ ክርክር ማስረጃ ነው ያቀረብክልኝ።

ቁጥር ወዳዱ፦
ሁለታችሁም የምትከራከሩት ሞኖፖሉ ከተፈጠረ በኋላ ስለሚደረገው ነው። ርካሹ መድኃኒት አንዱ ኩባንያ ሌላውን የሚገዛበትን ውህደት ቀድሞ ማገድ ነው። ፌስቡክ ኢንስታግራምን በ2012 በ1 ቢሊዮን፣ ዋትስአፕን በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ማንም አላገደውም።

አቤቱታ ጸሐፊ ገበያው በጥቂቶች እጅ ምን ያህል እንደተሰበሰበ የሚለካውን የሄርፊንዳል–ሂርሽማን ኢንዴክስን ማስላት ይልመድ፤ ከአንደኛ ደረጃ ሒሳብ አያልፍም። የእያንዳንዱን ኩባንያ የገበያ ድርሻ በራሱ አባዝተህ ትደምራለህ። ድርሻቸው 25፣ 25፣ 20፣ 15፣ 10 እና 5 በመቶ የሆኑ ስድስት ኩባንያዎች ድምር 2000 ነው። ባለ 15ቱ ባለ 5ቱን ቢገዛ ጭማሪው 2 ሲባዛ በ15 ሲባዛ በ5፣ ማለትም 150 ነው፤ አዲሱ ድምር 2150። በአሜሪካ የ2010 የውህደት መመሪያ "ውህደቱ ውድድርን ይጎዳል" የሚለው ግምት በኩባንያዎቹ ላይ የሚዞረው ድምሩ ከ2500፣ ጭማሪውም ከ200 ሲያልፍ ስለነበር ይህኛው ያመልጥ ነበር። የ2023ቱ መመሪያ ወሰኑን ወደ 1800 እና 100 ስላወረደው ይያዛል። "ኩባንያው በጣም ትልቅ ነው" ከሚል ገጽ ሙሉ ምሬት ይህች አንድ መስመር ትበልጣለች።

ሕግ ነክ፦
ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ጉዳዩ የሚሞተው ግን ከሒሳቡ በፊት "ገበያው የቱ ነው?" በሚለው ላይ ነው። በ1956 በአሜሪካ በተወሰነው የዱፖንት ኩባንያ ጉዳይ የሴሎፋን (ብርሃን አስተላላፊ መጠቅለያ) ገበያ ለብቻው ቢታይ የኩባንያው ድርሻ 75 በመቶ ገደማ ነበር። ፍርድ ቤቱ ማንኛውንም ተጣጣፊ መጠቅለያ ሲጨምርበት ከ20 በመቶ በታች ወረደና ኩባንያው ረታ። ስህተቱ ይታወቃል፦ ሞኖፖሉ ዋጋውን አስቀድሞ ሰቅሎት ስለነበር ደንበኛው ሌላ ምርት ማማተር ጀምሯል፤ ያንን አይቶ "ተፎካካሪ አለው" ማለት ውጤቱን እንደ መንስኤ መቁጠር ነው። ቁጥር ወዳዱ ያነሳው የፌስቡክ ጉዳይም በኅዳር 2025 የወደቀው እዚሁ ላይ ነው። ዳኛው ቲክቶክንና ዩቲዩብን ገበያው ውስጥ ሲያስገባ የመንግሥት ክስ አልቆመም።

ስለዚህ አቤቱታው ደንበኛ ለመቀየር ሲሞክር ምን እንደሚያግደው ያሳይ፦ የውል ማፍረሻ ቅጣት፣ ከቦታ ቦታ የማይዛወር መረጃ፣ ከሌላ ጋር የማይሠራ መሣሪያ። የውሉ አንቀጽ ቃል በቃል ይገልበጥ፤ ዋጋው የተጨመረበት ቀን ይጻፍ።

ጥንቁቁ፦
ጊዜውም ይታይ። በአሜሪካ ውህደት ከተመዘገበ በኋላ የመጀመሪያው መጠበቂያ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ተጨማሪ ሰነድ ይጠየቅ አይጠየቅ የሚወሰነው በዚያ ውስጥ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የመጀመሪያው ዙር 25 የሥራ ቀን ነው። ፊርማ ስንሰበስብ ያ ካለፈ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሚዛን፦
እሺ። ውህደቱ ቅርንጫፍ በመሸጥ ቅድመ ሁኔታ ይፈቀድ የሚሉትስ?

ቁጥር ወዳዱ፦
እሱ የባሰ ነው! በ2015 አልበርትሰንስ የተባለው የሱፐርማርኬት ኩባንያ ሴፍዌይን ሲገዛ 168 መደብር እንዲሸጥ ታዘዘ። 146ቱን የገዛው ሃገን 18 መደብር ብቻ የነበረው ድርጅት ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! በዚያው ዓመት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ የተወሰኑትንም መልሶ የገዛቸው አልበርትሰንስ ነው። ሽያጭ የግድ ከሆነ ገዢው በዚያ መጠን ሠርቶ ያውቃል ወይ? መጋዘኑ፣ የአቅርቦት ውሉ፣ ሠራተኛው አብሮ ይተላለፋል ወይ? ይህ ካልተመለሰ እንቃወም።

ሚዛን፦
በዚህኛው ከአንተ ጋር ነኝ። ቅጣት ብቻውን ይበቃል የሚል ካለም እንስማው። የአውሮፓ ኅብረት ጣሪያ ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ 10 በመቶ ነው። ጉግል በግዢ ማነጻጸሪያው ጉዳይ በ2017 2.42 ቢሊዮን ዩሮ ተቀጣ፤ ምርመራው የተከፈተው በ2010፣ ይግባኙ የተዘጋው በ2024።

ጥንቁቁ፦
ለዚህ አይደል ታዲያ ኅብረቱ የዲጂታል ገበያዎች ሕጉን ያወጣው? ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ግዴታው ቀድሞ ተጽፏል፤ ገበያ እየተረጎሙ ዓመታት መፍጀት የለም። በሚያዝያ 2025 አፕል 500፣ ሜታ 200 ሚሊዮን ዩሮ የተቀጡት በዚህ ሕግ ነው። "ማሰር" ስል ይህን ማለቴ ነው።

ሕግ ነክ፦
ሁለት ነገር ልጨምር። አቅራቢዎች በቀልን ስለሚፈሩ ማስረጃቸውን በሁለት ቅጂ ያስገቡ፦ አንዱ ምስጢራዊ ተብሎ የታሸገ፣ ሌላው ስምና አኃዝ የተሰረዘበት። ሁለተኛው፣ የአቤቱታው ወጪ ከተፎካካሪ ኩባንያ ከሆነ ከፊት ገጽ ላይ ይጻፍ። ተቆጣጣሪው የሚጠብቀው ውድድርን እንጂ ተወዳዳሪን አይደለም፤ ደብቀን ከተደረሰብን የውሉን አንቀጽም ማንም አያነብልንም።