«ጄለስ»ም ቅናት፣ «ኤንቪ»ም ቅናት?

ሰላም ቤተሰብ፣ የገባችሁ አስረዱኝ። የምኖረው አሜሪካ ነው፣ እና ለገና ሶስት ሳምንት እረፍት ወስጄ አገር ቤት ልገባ ነው ብዬ ስነግራት አብራኝ የምትሰራ ልጅ ፊቷ በርቶ «አይም ሶ ጄለስ!» አለችኝ። እኔ የሰማሁት «ቀናሁብሽ» ብላ ነው፣ እውነቱን ልናገር ቀፈፈኝ፣ ሰው እንዴት ፊት ለፊት ቀናሁብሽ ይላል? ለመንገዴም ፈራሁ። ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ሳይ ጄለሲም ቅናት ይላል ኤንቪም ቅናት ይላል። ልዩነታቸው ምንድነው? እሷስ ምን ማለቷ ነው?

—

እህቴ አይዞሽ፣ ክፉ አላሰበችም። ያለችሽ ወደ እኛ ሲመለስ «ታድለሽ!» ነው። ቃሉን ሳይሆን የተነገረበትን ነገር ተርጉሚው።

ልዩነቱን ጠበቅ አርገው የሚይዙት ሰዎች ሰው በመቁጠር ነው የሚለዩት። ኤንቪ ሁለት ሰው ይበቃዋል፣ አንቺ አለሽ እኔ የለኝም። ጄለሲ ግን ሶስተኛ ሰው አለበት፣ የኔ የምለውን ሰው ሌላ ሊወስድብኝ ነው ብሎ መስጋት ነው። በአፍ ንግግር ግን ጄለስ ሁለቱንም ይሸፍናል፣ የስራ ባልደረባሽም ያለችው በዚህ ነው። ኤንቪ ደግሞ በጄለሲ ቦታ አይገባም፣ መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ጄለስና ዜለስ የሚባለው ቃል (ለእምነቱ ወይ ለአላማው የሚቃጠል ሰው ማለት ነው) ከአንድ ስር መምጣታቸው ነው፣ ዜሎስ ከሚለው ግሪክኛ፣ አንዱ በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ ሌላው በላቲን በኩል ገብቶ እንግሊዝኛ ውስጥ ሁለት ቃል ሆኑ። እኛ ግን አልከፈልነውም! ኤልያስ «ለእግዚአብሔር እጅግ ቀንቻለሁ» ሲል፣ ባል በሚስቱ ሲቀና፣ ጎረቤት በጎረቤቱ መኪና ሲቀና ግሱ ያው አንድ ነው፣ ስራውን የሚሰሩት «ለ» እና «በ» ናቸው። ለ ከሆነ ተቆርቋሪ ነህ፣ በ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ነው «ቀናተኛ አምላክ» የሚለውን ስናነብ ብዙም የማይከብደን፣ ያንን ትርጉም ቃሉ ራሱ ይዞታል። (ይቅናህ ብለን የምንመርቀው ከዚህ ጋር አይገናኝም፣ እሱ ከመቃናት ነው።)

ኤንቪ ደግሞ ከላቲን ነው፣ ስሩ ማየት ማለት ነው፣ ሰውን በክፉ አይን ማየት። «የሰው አይን» ብለን የምንፈራው ነገር እነሱም ቃል ውስጥ አለ ማለት ነው፣ አንቺ ለመንገድሽ የፈራሽውም ይሄንኑ ነው።

—

ጥሩ ብለሃል ወንድሜ፣ ግን ዮሴፍን እንዴት ልታደርገው ነው? አማርኛው «ወንድሞቹም ቀኑበት» ይላል። ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች የ1611ዱ ኪንግ ጄምስ ኤንቪ ብሎታል፣ አዲሱ ትርጉም ኒው ኢንተርናሽናል ቨርዥን ደግሞ ጄለስ ይላል። አንዱ ተሳስቷል?

—

የተሳሳተ የለም እላለሁ። ሰው ቁጠርበት እስቲ። ቀሚሱንና ህልሙን ካየህ ሁለት ወገን ነው፣ እሱ አለው እነሱ የላቸውም። ያዕቆብን ከጨመርክ ግን ሶስተኛ ሰው መጣ፣ የአባታቸውን ፍቅር ወሰደብን ነው ነገሩ። ሁለቱም እዛ ታሪክ ውስጥ አለ፣ አማርኛው ሳይመርጥ ሁለቱንም ተሸክሞ አለፈ። እኔ እንደ ድህነት አላየውም ይሄን።

—

እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ኤንቪን ምቀኝነት እያለ ይተረጉማል፣ እኔ አልስማማም። ምቀኛ የሚፈልገው እንዳንተ ማግኘት ሳይሆን አንተ እንድታጣ ነው፣ ላሟን ሳይሆን የላሟን ሞት ነው የሚመኘው። ኤንቪ እዛም ሊደርስ ይችላል ግን «አይ ኤንቪ ዩ» ተብሎ ሙገሳም ይሆናል፣ አንተ ግን ጓደኛህን «ተመቀኘሁህ» ብትለው ጓደኝነታችሁ በዛው ያበቃል። ለደግ ደጉ እኛ «መንፈሳዊ ቅናት» የምንለው አለን፣ እሱ በጣም ይቀርበዋል። «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚለውም ምርቃት ምቀኛው ደግ ስለሆነ አይደለም፣ የሚያስመቀኝ ነገር አይጥፋብኝ፣ እሱም እያየኝ ልበርታ ነው።

—

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ ቀለለኝ። ለልጅቷም ነገ ቡና እወስድላታለሁ። አንድ የመጨረሻ፣ «በሚስቱ ይቀናል» የሚለውን «ሂ ኤንቪስ ሂዝ ዋይፍ» ብል ያስኬዳል?

—

አያስኬድም እህቴ። እንደዛ ካልሽ ሚስትየው ጥሩ ደሞዝ አላት፣ እሱ ደግሞ ደሞዟን ተመኝቷል ማለት ይሆናል። እዛ ላይ ጄለስ ነው የሚገባው።